ከማኅተም ወደ መዶሻ

ሰው ሥራ ሲቀጠር ደመወዙን ይጠይቃል፤ ዕድገቱ እስከ የት እንደሚያደርሰው ይጠይቃል፤ አበልና መጓጓዣ እንዳለውም ሳይጠይቅ አይቀርም። ሠላሳ ወይም አርባ ዓመት አገልግሎ ጠረጴዛውን ባስረከበ ቀን በእጁ ምን ሙያ ይዞ እንደሚወጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ጥያቄው የሽማግሌዎች ብቻ ይመስላል። ነገር ግን መልሱ የሚሰናዳው በወጣትነት ስለሆነ፥ ትናንት ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር በያዝነውና ነገ ለመያዝ በሚጠባበቁት ተማሪዎች መካከል ቢነሣ ያለ ቦታው አይሆንም።

በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ በመደበኛው ደንብ ጡረታ የሚወጣው 60 ዓመት ሲሞላው ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቍጥር 209 በ1955 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ሕጉ ደጋግሞ ተሻሽሏል፤ መሠረተ አሳቡ ግን ያው ነው። ይኸውም በጕልበቱ ዘመን ያገለገለ ሰው በድካሙ ዘመን እንዳይወድቅ መደገፍ ነው። አበሉ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለው ራሱን የቻለ ትልቅ ክርክር ነው። ቢበቃም እንኳ ሕግ ሊያስብለት የሚችለው ስለ እንጀራውና ስለ ቤት ኪራዩ ነው እንጂ፥ ጧት ከመኝታው ሲነሣ ለምን እንደሚነሣ የሚደነግግለት አዋጅ የለም።

ይህንንም ለመረዳት አንድን የቀድሞ ባለሥልጣን ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ወር መመልከት ይበቃል። ትናንት በደጁ ባለጉዳይ ይሰለፍ ነበር፤ ስልኩ ያለማቋረጥ ይጮኽ ነበር፤ የእርሱ ፊርማ ካላረፈበት የሚንቀሳቀስ ወረቀት አልነበረም። ዛሬ ስልኩ ዝም ብሏል። በልማዱ ማልዶ ይነሣል፤ ልብሱን አስተካክሎ ይለብሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚሄድበት ያጣል። ጋዜጣውን ከፊተኛው ገጽ እስከ ጨረታው ማስታወቂያ ድረስ አንብቦ ይጨርሳል፤ ሰዓቱን ሲያየው ገና ሦስት ሰዓት ነው። ቀጥሎም በቤቱ ውስጥ የሚታረም ነገር ይፈልግና ማድ ቤት ገብቶ የወጡን ጨውና የሽንኩርቱን አከታተፍ መቆጣጠር ይጀምራል። ባለቤቱም ትዕግሥቷ ሲያልቅ፥ “እባክዎ፥ እስቲ ወጣ ብለው ነፋስ ተቀብለው ይመለሱ” ትላለች። አባቶቻችን “ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል” ያሉት እንዲህ ያለውን ሁኔታ አይተው ነው።

ቀኑን በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ አገልግሎት፥ በእድር ጉዳይ፥ የተጣላ በማስታረቅ የሚያሳልፍ ጡረተኛ የተመሰገነ ነው፤ ለእርሱ ምክር አያሻውም። ለሌላው ግን በውጭ አገር ብዙ ጡረተኞች የያዙትን አንድ ሥራ ማሳየት ይጠቅማል። ሥራው ብረት መቀጥቀጥ፥ በተለይም ቢላዋ መሥራት ነው። በአሜሪካና በአውሮጳ ጡረታ የወጡ መምህራን፥ መሐንዲሶች፥ ወታደሮችና የባንክ ሠራተኞች በጓሯቸው ትንሽ ምድጃ ተክለው ብረት ሲያግሉና ሲሞርዱ ይውላሉ። በፊንላንድ ለጐልማሶች ትምህርት በሚሰጥባቸው ተቋሞች ውስጥ ፑኮ የተባለውን ያገሩን ቢላዋ መሥራት የሚያስተምር ክፍል የተለመደ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች ቢላዋ አጥተው አይደለም፤ በየሱቁ በርካሽ ሞልቷል። የሚፈልጉት ሌላ ነገር ነው።

ለምን ብረት ሆነ?

የቢሮ ሠራተኛ የድካሙን ፍሬ በዓይኑ አያየውም። አንድ ደብዳቤ ይረቀቃል፤ ይታረማል፤ ይፈረማል፤ ማኅተም ያርፍበታል፤ መዝገብ ቤት ገብቶ ቍጥር ይሰጠዋል፤ ከዚያም ይሄዳል። የት ደረሰ? ማንን ጠቀመ? ማንን አስለቀሰ? ጸሐፊው አያውቅም። ወረቀቱ በኮምፒዩተር ቢተካም ነገሩ አልተለወጠም። ሥራው ከንቱ ነው ለማለት አይደለም፤ ያለ መዝገብ መንግሥት አይቆምም። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት የደከመ ሰው “ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ” ብሎ በጣቱ የሚጠቁመው አንድ ነገር ሳያገኝ ይወጣል። በጡረታ ቀን የሚሰማው ባዶነት ከወንበሩ ማጣት ብቻ የመጣ አይመስለኝም፤ ዕድሜውን በምን እንደለወጠው ለማየት ሲፈልግ የሚዳሰስ ነገር ማጣቱም ነው።

ቢላዋ ግን ይዳሰሳል። ከዚህም በላይ እውነቱን ወዲያው ይናገራል። ወይ ይቆርጣል፥ ወይ አይቆርጥም። ለቢላዋ የድጋፍ ደብዳቤ አይጻፍለትም፤ በሽንኩርትና በጥሬ ሥጋ ፊት ይግባኝ የለውም። ሠሪው ሲቸኵል የተሳሳተው ነገር ቢኖር ስለቱ ላይ ይወጣል፤ ታግሦ የደከመበትም እንደዚሁ። ለብዙ ዓመት “ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው” እያለ ሲጽፍ የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ቍርጥ ያለ መልስ ሲያገኝ ደስ ቢለው አይገርምም።

የንጉሠ ነገሥቱ መዶሻ

መዶሻ መያዝ ለትልቅ ሰው አይገባም የሚል ቢኖር የጃፓኑን ንጉሠ ነገሥት የጎ-ቶባን ታሪክ ይስማ። ጎ-ቶባ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1183 ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ ዙፋን ላይ ተቀመጠ። በ1198 ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ዙፋኑን ለልጁ ለቀቀ። በዚያ ዘመን በጃፓን ዙፋን መልቀቅ ከሥልጣን ጨርሶ መውጣት አልነበረም፤ ጡረታ የወጣው ንጉሥ ከበስተጀርባ ሆኖ ብዙ ነገር ያዝዝ ነበር። የሆነው ሆኖ ጎ-ቶባ ከሥነ ሥርዓቱና ከፕሮቶኮሉ ጭነት ስለ ተላቀቀ ጊዜ አገኘ። ቅኔ ይወድ ነበር፤ በእርሱ ትእዛዝ በ1205 የተሰበሰበው የግጥም መድበል በጃፓን ሥነ ጽሑፍ ስሙ የታወቀ ነው።

ሁለተኛው ፍቅሩ ሰይፍ ነበር። ከአገሩ የታወቁትን ሰይፍ ሠሪዎች መርጦ በየወሩ ተራ እየገቡ በቤተ መንግሥቱ እንዲሠሩ አደረገ። እነርሱ ሲሠሩ ቆሞ በማየት ብቻ አልተወሰነም፤ የጋለውን ሰይፍ ውኃ ውስጥ የማጥለቁን ከባድ ሥራ በገዛ እጁ ይሠራ እንደ ነበር ይተረካል። በሰይፎቹ ላይ ከመያዣው አጠገብ የክሪሳንተመም አበባ ይቀረጽ ነበር። ያ አበባ ዛሬ የጃፓን ንጉሠ ነገሥት ቤተ ሰብ ምልክት ነው። የእርሱ ናቸው የሚባሉ ሰይፎችም እስከ ዘመናችን ተጠብቀው ይገኛሉ።

በ1221 ጎ-ቶባ አገሩን ይገዙ ከነበሩት የጦር ሹማምንት ጋር ተዋግቶ ተሸነፈ፤ ኦኪ ወደምትባል ደሴትም ተጋዘ። በዚያም 18 ዓመት ኖሮ በ1239 ሞተ። ሥልጣኑን ወሰዱበት፤ ግዛቱን ወሰዱበት። በዓይኑ ለይቶ በእጁ የተማረውን ግን የወሰደበት የለም።

ገመድ፥ እንጨትና ጠጕር

ከጃፓኑ ንጉሥ ወደ አሜሪካው ገበሬ እንሻገር። በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የፋብሪካ ቢላዋ ገበያውን ስለ ሞላው፥ በአሜሪካ ቢላዋን በእሳትና በመዶሻ የሚሠራ ሰው በጣት የሚቈጠር ሆኖ ነበር። ከእነዚህ አንዱ በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት የሚኖር ዊልያም ሞራን የተባለ ሰው ነው። ያደገው በወተት ላሞች እርሻ ላይ ነው፤ ሙያውንም በአብዛኛው ራሱን በራሱ አስተማረ።

ሞራን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1973 በአንድ የቢላዋ ሠሪዎች ትርኢት ላይ የደማስቆ ብረት የሚባለውን ዓይነት ቢላዋ አቀረበ። ይህ ብረት የተለያየ ጠባይ ያላቸው ብረቶች በእሳት ተጣብቀው፥ ተቀጥቅጠውና ተጣጥፈው ሲሠሩ የሚገኝ ነው፤ በገጹ ላይ እንደ ውኃ ሞገድ ያለ መስመር ይታያል። ተመልካቾቹን ያስገረመው የቢላዋው ውበት ብቻ አልነበረም፤ ሞራን አሠራሩን ደብቆ ከመያዝ ይልቅ ጽፎ ማደሉ ነበር። በ1976 ከሦስት ባልንጀሮቹ ጋር የአሜሪካን የስለት ቀጥቃጮች ማኅበር መሠረተ። በ1988 ደግሞ ማኅበሩ በአርካንሶ ክፍለ ግዛት ዋሽንግተን በምትባል ትንሽ ከተማ ትምህርት ቤት ከፈተ። ሞራን በ2006 ሲሞት ሙያው ከሞት አፋፍ ተመልሶ ነበር። ዛሬ በጓሮው ብረት የሚቀጠቅጠው ጡረተኛ ከየት ተማረ ቢባል፥ የነገሩ ሥር ምስጢሩን ለማካፈል ከፈቀዱ ከእንዲህ ዓይነት ሰዎች ላይ ይደርሳል።

ይህ ማኅበር የባለሙያነት ማዕረግ የሚሰጥበት ፈተና ለእኛ ለፈተና ልጆች እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ተፈታኙ ራሱ የቀጠቀጠውን፥ የስለቱ ርዝመት ከ25 ሳንቲሜትር ገደማ የማይበልጥ ቢላዋ ይዞ ይቀርባል። መጀመሪያ ከላይ ተንጠልጥሎ ከታች ያልታሰረ፥ ውፍረቱ 2.5 ሳንቲሜትር የሆነ ገመድ ይሰጠዋል፤ በአንድ ምት መቍረጥ አለበት። ቀጥሎ በዚያው ስለት የቤት መሥሪያ አውራጅ እንጨት ሁለት ጊዜ ቈርጦ ይጥላል። ከዚያ በኋላ ሳይስለው በክንዱ ላይ ያለውን ጠጕር ይላጭበታል። በመጨረሻም ቢላዋው በሞርሳ ተይዞ 90 ዲግሪ ይታጠፋል፤ ከተሰበረ ተፈታኙ ወደቀ። ከሆነለት ደግሞ አልፏል፤ ቢላዋው ግን ተጣሞ ቀረ። ተፈታኙ የቀድሞ ጄኔራል ይሁን የወፍጮ ቤት ሠራተኛ፥ ገመዱ አይጠይቀውም።

ፈተናው እንዲህ የሆነበት ምክንያት አለ። ስለቱ ጠጕር እስኪላጭ ድረስ ጠንካራ መሆን አለበት። ቢላዋው በሙሉ እንዲሁ ጠንካራ ቢሆን ግን ሲታጠፍ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ስለዚህ ባለሙያው ጫፉን አጠንክሮ ጀርባውን ያለዝባል። በአንድ ብረት ውስጥ ሁለት ጠባይ ማኖር የሙያው ዋና ብልኀት ነው። ሰውን የሚመራ ባለሥልጣንም ቢያስብበት አይጐዳም።

አቶ እገሌ ቢላዋ ሲሠራ

ነገሩ በተግባር እንዴት እንደሚካሄድ ለማየት አቶ እገሌ የሚባል አንድ ጡረተኛ እናስብ። ለመጀመሪያ የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም፤ አንድ ሞርሳ፥ አንድ ሴጌቶ፥ ሁለት ሦስት ሞረድ፥ አንድ ትራፓኖ፥ የብርጭቆ ወረቀትና መዶሻ ይበቃዋል። ጕልበት ሳይኖር ብረት ሥራ እንዴት ይሆናል የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ቢላዋን ከጠፍጣፋ ብረት ላይ በሴጌቶ ቈርጦና በሞረድ ሞርዶ፥ መዶሻ ሳያነሡ መሥራትም ይቻላል። ሞረድ ከጕልበት ይልቅ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ጡረተኛ ደግሞ ያለው ሀብት ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት ብረት ሁሉ አንድ አለመሆኑን ማወቅ ነው። ለቤት መሥሪያ የሚሆነው ፌሮ በውስጡ ያለው ካርቦን ጥቂት ስለሆነ፥ አግለው ቢነክሩትም ስለት አይዝም። የመኪና ባሌስትራ ግን ከመቶ 0.6 እጅ ያህል ካርቦን አለበት፤ ያረጀ ሞረድ ደግሞ 1 እጅና ከዚያም በላይ ይኖረዋል። ይህ ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላ ልዩነት ለስላሳውን ብረት ከአረብ ብረት ይለየዋል። የአገራችን ቀጥቃጮች የኬሚስትሪ መጽሐፍ ሳያነቡ ያረጀ ባሌስትራን ለማረሻና ለማጭድ የሚመርጡት ይህን በልምድ ስለሚያውቁት ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ የሄደ ሰው የተጣለው ብረት ሁሉ ዳግመኛ ሲወለድ ያያል።

አቶ እገሌ ከዚያ አንድ ቍራጭ ባሌስትራ ገዛ እንበል። ብረቱ ለማድ ቤት ቢላዋ በጣም ወፍራም ስለሆነ በእሳት ተቀጥቅጦ መሳሳት አለበት፤ ይህን ለብቻው ሊሠራው ስለማይችል ወደ አንድ ቀጥቃጭ ይዞት ይሄዳል። የሳሳውን ብረት እንደ ገና አግሎ አመድ ውስጥ ቀብሮ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ያደርገዋል፤ ይህም ብረቱ ለስልሶ ሞረድ እንዲቀበል ነው። ከዚያም ቀን በቀን እየሞረደ መልክ ያስይዘዋል። መጀመሪያ ሳምንት እጁ ይዝላል፤ መስመሩ ይጣመማል። ውሎ አድሮ ሞረዱ በትክክል ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ ሲንሸራተት ከሚያሰማው የተለየ መሆኑን ጆሮው ይለያል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሰዓት የሥራው ሁሉ ልብ ነው። ቢላዋው ፍም ውስጥ ይገባል። ቀለሙ በደንብ እንዲታይ ጥላ ባለበት ቦታ ይሠራል። ብረቱ መጀመሪያ ጥቍር ቀይ፥ ቀጥሎ ደማቅ ቀይ ይሆናል። ግለቱ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ማግኔት ብረቱን መያዝ ይተዋል፤ ቴርሞሜትር የሌለው ሠሪ ግለቱን የሚያውቀው በዚህ ነው። ከዚያ ጥቂት አልፎ እስከ 830 ገደማ እንዳገለለው ሞቅ ያለ ዘይት ውስጥ ያጠልቀዋል። “ብረትን ማጣመም እንደ ጋለ ነው” የሚለው ተረት ስለ ምን እንደ ተነገረ አቶ እገሌ ያን ቀን ይገባዋል፤ ጥቂት ሰኮንድ ቢዘገይ የሳምንታት ድካም ከንቱ ይሆናል።

ከዘይቱ ሲወጣ ብረቱ ከመጠንከሩ የተነሣ ሞረድ ሲያሳርፉበት ይንሸራተታል፤ ነገር ግን መሬት ላይ ቢወድቅ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ በምድጃ ውስጥ በ200 ዲግሪ ገደማ ሁለት ሰዓት ያህል ይቈያል። ቀድሞ በብርጭቆ ወረቀት ያጠራው ገጽ የጤፍ ጭድ ቀለም ሲይዝ ከመጠንከሩ ጥቂት ቀንሶ መታገሥን ያገኛል። ከዚህ በኋላ እጀታው ይቀራል። ወይራ ለዚህ የተፈጠረ እንጨት ይመስላል፤ ጠጣርና መስመሩም ያማረ ነው። የበሬ ቀንድም ይሆናል። በነሐስ ምስማር ተያይዞ፥ በብርጭቆ ወረቀት ለስልሶ፥ የተልባ ዘይት ሲጠጣ ያበራል። በመጨረሻ በመሳያ ድንጋይ ይሳላል፤ አፎትም ይሰፋለታል።

ጥንቃቄው ሊታለፍ አይገባም። ያለ መነጽር መሥራት ዓይንን መሸጥ ነው። እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ዚንክ የተለበጠ ብረት እሳት ውስጥ ቢገባ ጢሱ ያሳምማል። በሚሽከረከር መሣሪያ ላይ ጓንት ማድረግ መከላከያ መስሎ እጅን ያስነክሳል። የነደደ ዘይት ላይ ውኃ አይደፋም፤ በክዳን ይታፈናል። ሠሪው የጀርባ ወይም የልብ ሕመም ካለበት አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ይህ ሁሉ አልፎ በአንድ የበዓል ቀን ሥጋው ሲቀርብ አንዲት የልጅ ልጅ ካራውን አንሥታ፥ “አባባ፥ ይህን ማን ሠራው?” ትላለች። አቶ እገሌም፥ “እኔ ነኝ፥ ልጄ” ይላል። በሠላሳ ዓመት አገልግሎቱ ስንት ደብዳቤ እንደፈረመ ማንም ቤተ ሰብ ጠይቆት አያውቅም።

እኛና ቀጥቃጩ

እዚህ ላይ ስለ አገራችን አንድ ከባድ ነገር መናገር ግድ ይሆናል። በውጭ አገር ጡረተኛው ገንዘብ ከፍሎ የሚማረውን ሙያ እኛ ዘንድ የያዙት ሰዎች ለብዙ ዘመን ሲናቁ ኖረዋል። ቀጥቃጩ “ጠይብ” ተባለ፤ “ቡዳ” ተባለ፤ ዓይኑ ተፈራ፤ ልጁ ለጋብቻ ተከለከለች። የሚያስገርመው ግን ያው የሚንቀው ገበሬ ማረሻውን የሚያገኘው ከእርሱ ነው፤ ያው የሚሸሸው ባላባት ጦሩንና ጎራዴውን የሚያሠራው ከእርሱ ነው። በሠራው እየኖርን ሠሪውን አራቅነው።

ከነገሥታቶቻችን መካከል ይህን ነገር ጥፋት መሆኑን ያዩ ነበሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የብረት ሥራ መንደር አቋቁመው፥ የውጭ አገር ባለእጆችና ኢትዮጵያውያን አብረው እየሠሩ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አስወጡ፤ መድፉም እስከ መቅደላ ተጐተተ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጡ። አዋጁ ቀጥቃጩን “ጠይብ”፥ ሸማኔውን “ቁጢት በጣሽ” እያሉ መስደብ አገርን ባለሙያ የሚያሳጣ መሆኑን የሚገልጽ ነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ስድቡ በአደባባይ ቀንሷል፤ “ልጄ ተምሮ እንዴት መዶሻ ይይዛል” የሚለው አስተያየት ግን በየቤታችን ገና አልጠፋም። ዲግሪ የያዝን ወጣቶችም እጃችን ቅባት እንዳይነካው የምንጠነቀቀው ከዚሁ የተረፈ ነገር ነው።

ስለዚህ በእኛ አገር አንድ ጡረተኛ መዶሻ ቢያነሣ ጥቅሙ ለራሱ ብቻ አይሆንም። የቀድሞው ዲሬክተር ወደ ቀጥቃጩ ዘንድ ሲመጣ ቀጥቃጩ ተነሥቶ፥ “ጌታው፥ ምን ልሥራልዎ?” ማለቱ አይቀርም። ዲሬክተሩም፥ “ወንድሜ፥ እርስዎ ሠርተው አይስጡኝ፤ አሠራሩን ያሳዩኝ” ብሎ ዱካው ላይ ቢቀመጥ፥ ወናፉንም ቢያናፋ፥ በዚያች በ“እርስዎ” ውስጥ የብዙ ዘመን ዕዳ ይከፈላል። ዕድሜውን ሙሉ አንቱ ሲባል የኖረ ሰው፥ አንቱ ተብሎ የማያውቀውን ባለሙያ አንቱ ሲለው የሚያዩ ልጆች ስለ ሙያ ክብር ሌላ ትምህርት አያስፈልጋቸውም። ቀጥቃጩም ልጁ ለጋራዥ ወይም ለሱቅ ሥራ ትቶት የሄደውን ዕውቀት የሚቀበለው ሰው ያገኛል። ሲማር የኖረው ሰው ደግሞ ጽፎ፥ ለክቶና ሥዕል ሥሎ ሊያቈየው ይችላል። ሞራን በአሜሪካ ያደረገው ይህንኑ ነው።

ነገ ሳይሆን ዛሬ

አንዳንድ ሰው “ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ለእኔ ግን ገና ሠላሳ አምስት ዓመት ይቀረኛል” ይል ይሆናል። ነገር ግን በስድሳ ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞረድ የሚይዝ ሰው እጁ እስኪላመድ ብዙ ይቸገራል፤ በሃያ አምስት ዓመቱ የጀመረ ግን በስድሳ ዓመቱ ወደሚያውቀው ቤት እንደሚገባ ሰው ይገባበታል። ሁሉም ቢላዋ ይሥራ ማለቴ አይደለም። አንዱ እንጨት ቢጠርብ፥ አንዱ ቆዳ ቢሰፋ፥ አንዱ ሸክላ ቢሠራ ፍሬው አንድ ነው። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎቻችንም መሣሪያቸው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ ፈትቶ ከሚውል ለመንግሥት ሠራተኞችና ለጡረተኞች አንድ ክፍል ቢከፍቱ ትልቅ ወጪ አይጠይቅም። መምህሩም ዲፕሎማ ያለው ብቻ ሳይሆን ከምናለሽ ተራ የተጋበዘ ባለሙያ ቢሆን ክፍሉ ይበልጥ ይከበራል።

ማኅተም የመንግሥት ነው፤ ሰው ሲሄድ ያስረክበዋል። ወንበሩም፥ መኪናውም፥ የቢሮው ቍልፍም በርክክብ ቅጽ ላይ አንድ በአንድ ይጻፋል። የእጅ ሙያ የሚጻፍበት መስመር ግን በዚያ ቅጽ ላይ የለም፤ ባለቤቱ ይዞት ይወጣል።